የ"ሐሙስ" አልጋ፦ ለፌሬታችን ምን እናንጥፍለት?

(ከድምፅ የተገለበጠ፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

[የመግቢያ ሙዚቃ]

ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። እሺ፣ እንግዳ የለኝም ልበል እንጂ እግሬ ሥር ሁለት ፍጥረቶች ተኝተዋል። አንዱ ሽሮ ይባላል፣ ሌላዋ ቆሎ። መሀል ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰማችሁ እነሱ ናቸው። የዛሬው ጉዳያችንም የእነሱ ነው።

ሽሮን ያመጣሁት ቀን እማዬ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ሐሙስ ገዛሁ።"

"ሐሙስ ምን ገዛሽ?"

"አይ፣ ሐሙስ ነው የገዛሁት።"

"እኮ! ሐሙስ ዕለት ምን ገዛሽ ነው የምልሽ?"

[ሳቅ]

ገብቷችኋል አይደል? ፌሬት በዕብራይስጥ "ሐሙስ" ነው የሚባለው። ትንሽ ከጉሮሮ ይወጣል እንጂ ከአማርኛው ሐሙስ ጋር አንድ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ቀን ስናወራ ቆየን፤ በመጨረሻ ፎቶ ላኩላት። እሷ ዝም አለች። ከኋላዋ ግን የአያቴ ድምፅ ተሰማ፦ "ይሄማ ሽለምጥማጥ ነው! ዶሮ የሚፈጅ! እኛ አገር በዱላ የሚባረረውን እሷ አልጋ ልታነጥፍለት ነው?"

በእርግጥ ፌሬት ሽለምጥማጥ አይደለም፤ የተለያዩ እንስሳት ናቸው። ዶሮን በተመለከተ ግን አያቴ አልተሳሳቱም፤ ፌሬትም ሥጋ በል ነው። ደግሞም ሳያውቁት የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፦ ለዚህ እንስሳ ምን ዓይነት አልጋ ነው የሚነጠፈው?

"ምን ችግር አለው፣ አንድ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ያ ሐሳቤ ሽሮን ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ግን አስቀድመን እንስሳውን እንወቀው።

ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሌባ

ፌሬት የአውሮፓ ፖልካት ከሚባል የዱር እንስሳ የመጣ ነው። ሰው ካላመደው ከ2000 ዓመት በላይ እንደሆነ ይታመናል። ያኔ የሚፈለገው ለጨዋታ ሳይሆን ለአደን ነበር። ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ጥንቸሏን ያስወጣታል፣ አዳኙ ደጅ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃል። ስሙ ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን "ትንሽ ሌባ" እንደማለት ነው። እውነታቸውን ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ካልሲ፣ አንድ የጸጉር ማሰሪያና የጎረቤቴን የመኪና ቁልፍ ከሽሮ አልጋ ሥር አውጥቻለሁ።

ስለ አልጋው ስናስብ ከዚህ ሁለት ነገር መያዝ አለብን። አንደኛ፣ ፌሬት የጉድጓድ እንስሳ ነው። ሜዳ ላይ እንደ ውሻ ተዘርግቶ መተኛት አይወድም። ጨለማ፣ ጠባብ፣ ዙሪያውን የሚነካው ነገር ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ አልጋው የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። የሚተነፍሰው እዚያ ነው፣ ጥፍሩ የሚነካው እሱን ነው፣ ነቅቶ ሲሰለቸው የሚያኝከውም እሱኑ ነው።

ስለ እንቅልፋቸውም ልጨምር፣ ምክንያቱም አዲስ ባለቤት ሁሉ አንድ ቀን መደንገጡ አይቀርም። አንዳንዴ ፌሬት በጣም ከባድ እንቅልፍ ይተኛል። ታነሱታላችሁ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ትጠሩታላችሁ፣ አይሰማም። እማዬ ልትጠይቀኝ ቤርሼባ የመጣች ጊዜ ሽሮን እንዲህ ሆኖ አገኘችው። "ልጄ፣ ሞቷል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብላ አቀፈችኝ። በመሀል እሱ አዛግቶ ተነሳ። ጤነኛ ከሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲደባበስ፣ ወይም አፍንጫው ሥር የሚወደው ምግብ ሲቀርብለት ይነቃል። ከነቃ በኋላ ደግሞ እንደ እብድ ይዘላል። ይሄን "ከነቃ በኋላ ይዘላል" የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ያቺ ሌሊት

ሽሮ ስምንት ወሩ ነበር። ከአንድ ሱቅ ቆንጆ አልጋ ገዛሁለት። እንደ ዋሻ ክብ፣ ውጪው ለስላሳ፣ ውስጡ በስፖንጅ የተሞላ። ላዩ ላይ የፌሬት ሥዕል ነበረበት፤ ሥዕሉ ካለ ለፌሬት የታሰበ ነው አልኩ። ሽሮም ወደደው። ገብቶ ተኛ፣ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ የፈተና ሰሞን ነበር። ጠዋት ምግቡን ሳይነካው አየሁ። ተኝቷል። ማታ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስም ተኝቷል። "ጎበዝ፣ እኔ እንዳጠና ዝም አለልኝ" አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ ሳነሳው ነቃ፤ ግን አልዘለለም። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ጥርሱን ያፋጫል። አፉን በእጁ ይጠርጋል። የሚጸዳዳበትን ሳይ ባዶ ነው። ከዚያ አልጋውን ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ስፌቱ ላይ፣ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ዙሪያ ስፖንጁ ተበልቷል።

ሌሊት ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ዌቴሪናሯ ራጅ አነሳችውና አንድ የማላውቀውን ነገር አስረዳችኝ። ስፖንጅ በራጅ አይታይም። የሚታየው እንደ አጥንትና ብረት ያለው ነው። እሷ ያየችው አንጀቱ ከተዘጋበት በላይ የታጨቀውን ጋዝ ነው። የፌሬት አንጀት ቀጭንና አጭር ነው፤ የበላው ነገር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልወጣ ብዙ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። የወጣውን ቁራጭ አሳየችኝ፤ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም።

ሽሮ ተረፈ፤ ይኸው እግሬ ሥር እያንኮራፋ ነው። የከፈልኩት ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ያህላል፤ እናንተ ያንን ብር እንዳታወጡ ነው ዛሬ ማይክ ፊት የተቀመጥኩት። ከብሩ በላይ ግን ያቺን ሌሊት እንዳታዩዋት ነው።

ምልክቶቹን ልድገምላችሁ፣ ጻፏቸው፦ ምግብ መተው፣ ነቅቶም መድከም፣ ጥርስ ማፋጨት፣ አፍን በእጅ መጠረግ፣ ምራቅ መብዛት፣ ሰገራ መጥፋት ወይም እንደ ክር መቅጠን። ማስታወክ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ እሱን አትጠብቁ። እነዚህን ካያችሁ "እስከ ነገ እንየው" የሚባል ነገር የለም። በዚያችው ሰዓት ሐኪም ጋ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጨርቅ ወደ ፌሬቶቼ ቤት ከመግባቱ በፊት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ይተረተራል? ይሸታል? ይሞቃል? አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ይተረተራል?

ማለትም ከዚህ ነገር ተነቅሎ የሚዋጥ፣ ወይም ጥፍር የሚይዝ ነገር አለ? ወጣት ፌሬቶች፣ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት፣ ጎማና ስፖንጅ በጣም ይወዳሉ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ለእነሱ ቆሎ ነው። ስለዚህ ስፖንጅ የተሞላ አልጋ፣ ጎማ ያለው ምንጣፍ፣ ላስቲክ፣ የፕላስቲክ ቁልፍ፣ የዚፕ ጫፍ፣ ሪባን፣ ሁሉም ይቅር። የውስጥ ሙሌት ያለው ነገር ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጨርቅ በጨርቅ ደርቡ።

የሁላችንም ቤት ያለው የመታጠቢያ ፎጣስ? ፎጣን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ላዩ በሙሉ ትናንሽ የክር ቀለበት ነው። የፌሬት ጥፍር እንደ ድመት ጥፍር ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሁልጊዜ ውጪ ነው። ቀለበቷ ውስጥ ይገባና ይያዛል። እንስሳው ይደነግጣል፣ ይጎትታል፣ ጥፍሩ ይነቀላል ወይም ጣቱ ይጎዳል። ስለዚህ ፎጣ አይሆንም። ክሩ የላላ ሹራብም አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የቤታችን ጉዳይ አለ። ጋቢ። ሽሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተሰቦቼ የወሰድኩት ቀን ጠፋብን። ሶፋ ሥር፣ ማማድ ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ ፈለግነው። በመጨረሻ አያቴ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጋቢው ደግሞ አያቴ ላይ ነበር።

[ሳቅ]

ጋቢ ሞቃት ነው፣ ጥጥ ነው፣ ጨለማ ይሆናል፣ የሰው ጠረን አለው። ፌሬት ቢወደው አይገርምም። ግን በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ክሩ ይላላል፣ ጫፉ ላይ የተቋጨው ክር ደግሞ ለማኘክ የተሠራ ነው የሚመስለው። ረጅም ክር አንጀት ውስጥ ከገባ ከስፖንጅም ሊብስ ይችላል፤ አንጀቱን እንደ ሱሪ ገመድ ይሰበስበዋል። ነጠላም እንዲሁ። ስለዚህ ጋቢው ለአያቶቻችን ይሁን።

ታዲያ ምን ይሁን? በጣም ጥሩው ፍሊስ ነው፤ ያ የክረምት ጃኬትና ብርድ ልብስ የሚሠራበት ለስላሳ ጨርቅ፣ እዚህ "ፍሊዝ" የምንለው። ፍሊስን በመቀስ ብትቆርጡት ጫፉ አይተረተርም። ቀለበት የለውም። ቶሎ ይደርቃል። ርካሽ ነው። ከእሱ ቀጥሎ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት፣ የሱፍ ሳይሆን የጥጥ ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ ገመዱ ወጥቶ። የቲሸርት እጅጌ ለፌሬት የተዘጋጀ ዋሻ ነው፣ ሞክሩት። ያድ ሽኒያ ሱቅ ገብታችሁ በጥቂት ሸቀል ለዓመት የሚበቃ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ ይሸታል?

ይሄ ስለ አፍንጫችሁ ሳይሆን ስለ ሳንባው ነው። ብዙ የቤት እንስሳት ሱቆች ሰጋቱራ ይሸጣሉ፤ በተለይ የጥድ፣ ወይም የዝግባ፣ በዕብራይስጥ ኦሬን እና ኤሬዝ። ስትከፍቱት ጫካ ጫካ ይሸታል። ያ ደስ የሚለው ሽታ ከእንጨቱ ዘይት የሚወጣ ነው፤ ለትናንሽ እንስሳት የመተንፈሻ አካል ደግሞ አይስማማም። አስቡት እንግዲህ፣ በቀን 16 ሰዓት አፍንጫውን እዚያ ውስጥ ቀብሮ የሚተኛ እንስሳ ነው። አቧራውም ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያስለቅሰዋል። ፌሬት ሃምስተር አይደለም። ሰጋቱራ አያስፈልገውም፣ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው። ድርቆሽም እንዲሁ ይቅርበት።

ከዚሁ ጋር፣ ሽታ ያለው ሳሙናና የልብስ ማለስለሻ፣ መራኬኽ የምንለው፣ ለእነሱ ልብስ አይሁን። ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ጥቂት ብቻ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ።

ሦስተኛ፦ ይሞቃል?

መጽሐፍ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት አብዛኛው ምክር ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ነው። "ሞቃት አልጋ አዘጋጁለት" ይላችኋል። እኔ የምኖረው ቤርሼባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ33 ዲግሪ በላይ ተራ ነገር ነው። ፌሬት እንደኛ አያልበውም። ከ27 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ሙቀቱ ይከብደዋል፣ 30ን ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ወፍራም የፍሊስ ከረጢት ውስጥ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ማዝጋን ጠፍቶ ... በቃ።

ስለዚህ አልጋው ሁለት ወቅት ይኑረው። በክረምት ፍሊስ፣ ድርብ ቢሆንም ችግር የለም። ብርድን በደንብ ይችላሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ አያስፈልግም፣ ገመዱን ያኝኩታል። በበጋ ደግሞ ስስ የጥጥ አንሶላ ወይም ቲሸርት፣ ሁለት በኩል አየር የሚያስገባ ተንጠልጣይ አልጋ፣ እዚህ "ኤርሳል" የምንለው። ከሥሩ አንድ ባዶ የወለል ሴራሚክ አስቀምጡ፤ ሲሞቃቸው ሄደው ሆዳቸውን ይለጥፉበታል። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዛችሁ፣ በረዶ ሲሆን ካልሲ አልብሳችሁ ጥግ ላይ አኑሩ። ቤቱን ከመስኮት ፀሐይ አርቁ። ሐምሲን ቀን ከሆነ ደግሞ ማዝጋኑ ይሠራል፤ የመብራት ክፍያው ከሐኪሙ ይቀላል።

ሲያለከልክ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቶ መነሳት ሲያቅተው፣ አፍንጫውና ድዱ ሲቀላ ካያችሁት ሙቀት መትቶታል። ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቡት፣ እግሮቹን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ አርጥቡለት፣ በረዶ ግን አይሁን፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወለሉ፣ ጥጉ፣ ከረጢቱ

አሁን የሽቦ ቤቱን እናሰናዳ። ወለሉ ሽቦ ከሆነ ይሸፈን። ሽቦ ላይ የሚራመድ እግር ይቆስላል። በልኩ የተቆረጠ ፍሊስ ወይም የሚታጠብ ጠንካራ ምንጣፍ ይበቃል።

ፌሬት ከእንቅልፉ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጸዳዳል፤ ወደ ኋላ እየሄደ ጥግ ይፈልጋል። የሚተኛበትን ግን በአብዛኛው አያቆሽሽም። ስለዚህ አልጋው በአንድ ጥግ፣ መጸዳጃው በሌላው ጥግ ይሁን። አንድ ጥግ ላይ እየተጸዳዳ ካስቸገራችሁ እዚያ የእሱኑ የመኝታ ጨርቅ አኑሩበት፣ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። መጸዳጃው ውስጥ የሚገባው ከተጨመቀ ወረቀት የተሠራው እንክብል ነው። ያ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉል የድመት አሸዋ ግን አይሆንም፤ አቧራው አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል፣ ከዋጡትም ይጓጉላል።

አልጋውን ራሱ በተመለከተ፣ አሁን የምጠቀመውን የሰፉልኝ ማን መሰሏችሁ? አያቴ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽሮን ይዤ ለሁለት ሳምንት ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ። አያቴ ሆዱ ላይ ያለውን ስፌት አዩ። ምንም አላሉም። በማግስቱ ያንን የበላውን አልጋ አምጪ አሉኝ። ገልብጠው፣ ስፌቱን በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው፣ "ይሄ ለዓይን ነው የተሰፋው" አሉ። አያቴ ልጅ ሆነው ጎንደር ውስጥ ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ ናቸው፤ ጨርቅ ያውቃሉ። አሮጌ የፍሊስ ብርድ ልብስ አወጡና ጫፉን ቆርጠው ጎተቱት። ክር አልወጣም። "ይሄ ይሆነዋል" አሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 40 በ80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፍሊስ ለሁለት ታጥፋላችሁ፣ 40 በ40 ይሆናል። ሁለቱን ጎን ትሰፋላችሁ። ከዚያ ትገለብጡና በዚያው ላይ ሁለተኛ ትሰፋላችሁ፤ የተቆረጠው ጫፍ በሁለቱ ስፌት መሀል ተደብቆ ይቀራል። ከውስጥም ከውጪም የሚነክሰው ጫፍ የለም። የመርፌው እርምጃ አጭር ይሁን። አፉን አንድ ጊዜ ወደ ውጪ ጠቅልላችሁ ስፉት፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆም። አለቀ። እንደ አንቀልባ ነው፤ እሱም ይገባና ይጠፋል።

ይሄ ከረጢት ሌላም ጥቅም አለው። አዛቃ ሲሰማ ፌሬት ማሳደድ አይቻልም። ሁለቱም ተኝተው ከሆነ ግን ከረጢቱን እንዳለ አንስቼ ማማድ መግባት ነው። ብዙ ጊዜ አይነቁም እንኳን።

የሐሙስ ልብስ ሐሙስ ይታጠባል

በጣም ከምጠየቀው አንዱ፦ "ፌሬት ይሸታል አይደል?" አዎ፣ የራሱ ጠረን አለው። የሚመጣው በአብዛኛው ከቆዳው ዘይት ነው። ሰዎች ምን ያደርጋሉ? በየሳምንቱ ያጥቡታል። ያኔ ቆዳው ይደርቃል፣ የሄደውን ለመተካት ተጨማሪ ዘይት ያወጣል፣ ሽታው ይብሳል። ዘይቱ ደግሞ የሚቀመጠው የት ነው? አልጋው ላይ። ስለዚህ ፌሬቱን ተውት፣ አልጋውን እጠቡት። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ሰምታችሁ ብትሄዱ እንኳን ከቤት ጓደኞቻችሁ ጋር ሰላም ታወርዳላችሁ።

እኔ የማጥበው ሐሙስ ሐሙስ ነው።

[ሳቅ]

የእውነቴን ነው! ሐሙስ ይታጠባል፣ ዓርብ ደርቆ ይነጠፋል፣ ለሰንበት ቤቱ ንጹሕ ነው። ሦስት ሙሉ ልብስ አላቸው፦ አንዱ ቤቱ ውስጥ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን። ከማጠቤ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ስፌት በጣቴ እዳስሳለሁ። ቀዳዳ ያለው ይጣላል ወይም ይጠገናል፤ "እስከ ሚቀጥለው ሳምንት" የለም። ሁለተኛ፣ የሌባውን ጎተራ አያለሁ። ከአልጋው ሥር የደበቀው የጆሮ ማዳመጫ ጎማ ወይም የጫማ ሶል ቁራጭ ካለ፣ ምን እያኘከ እንደሰነበተ ያን ጊዜ ነው የማውቀው።

አደራ የምለው ግን ይሄኛውን ነው። የልብስ ማጠቢያውን ከማስነሳታችሁ በፊት ፌሬቶቻችሁን ቁጠሩ። በዓይናችሁ እያያችሁ ቁጠሩ። የቆሸሸ ልብስ ክምር ለእነሱ ከሁሉ የተሻለ አልጋ ነው፣ ከባድ እንቅልፍ ደግሞ ይተኛሉ። ማሽን ውስጥ ከልብስ ጋር የገቡ ፌሬቶች አሉ። ማድረቂያውንም፣ የሚታጠፈውን ሶፋም እንዲሁ እዩ።

የእናንተ ጥያቄዎች

ሁለት ጥያቄ ደርሶኛል፣ በአጭሩ ልመልስ።

"ሁለት ፌሬት አለኝ፣ ሁለት አልጋ ያስፈልጋል ወይ?" ብላ የጠየቀችን እኅታችን፦ ሁለትም ሦስትም አድርጊ፣ ምርጫ ይኑራቸው። ግን ከተዋደዱ አንዱ ላይ ተቆላልፈው ነው የምታገኚያቸው። የእኔዎቹ አራት መኝታ አላቸው፣ የሚተኙት አንዱ ላይ ነው።

"ውድ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ግን የእኔ ፌሬት አያኝክም፣ ልጣለው?" ያልከን ወንድማችን፦ ሽሮም አያኝክም ነበር። አንድ ቀን እስኪጀምር። ውስጡን አውጣና ቀዳዳውን ሰፍተህ ቅርፊቱን ተጠቀምበት። ገንዘብህም አይባክን፣ እሱም አይሞትብህ።

በሉ እንግዲህ፣ ልሰናበታችሁ። ሱቅ ስትገቡ ሥዕሉን አትመኑ፣ ስፌቱን ሳቡት። ይተረተራል? ይሸታል? ይሞቃል? ሦስቱንም "አይ" ካለ፣ አንጥፉለት።

ለነገሩ ባለፈው ሳምንት አያቴ ደወሉልኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "ያ ሽለምጥማጥሽስ፣ ከረጢቱ አልተቀደደበትም?" አሉኝ። አልተቀደደም አልኳቸው። "ብቻ ክረምት ሳይገባ አምጪው፣ ሌላ እሰፋለታለሁ" አሉ።

በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ፣ ለሂትራኦት!

[የመዝጊያ ሙዚቃ]